ቤት ከመሥራት አስቀድሞ መሬትን ስለ መጠየቅ

በአገራችን ልማድ ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ብዙ ነገር አለ። ውሃው ቅርብ ነው ወይ ይላል፤ መንገድ ያስገባል ወይ ይላል፤ ጎረቤቱ ደግ ነው ወይ፥ ካርታው ንጹሕ ነው ወይ ብሎ ይመረምራል። ይህ ሁሉ የብልህ ሰው ጥያቄ ነው። ዳሩ ግን ከሁሉ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይቀራል፤ እርሱም መሬቱ ራሱ ቤት ለመሸከም ይችላልን የሚለው ነው። የሻጩን ቃል እንሰማለን፥ የደላላውንም ቃል እንሰማለን፤ የመሬቱን ቃል ሰምቶ የሚነግረንን ሰው ግን አንፈልግም።

እኔ በቅኔ ቤት ያደግሁ ሰው ስለ ሆንሁ የአፈርና የድንጋይ ሊቅ ነኝ አልልም። ይሁን እንጂ በወላይታ ሶዶ በዳሞታ ግርጌ የሚኖር ሰው ክረምት በገባ ቍጥር ዓይኑን ወደ ተራራው ሳያነሣ አያድርም። ደግሞም የቅኔ ትምህርት ለዚህ ነገር የሚረዳ አንድ ጥበብ ያስለምዳል፤ ይኸውም ከላይ የሚታየው ሰሙ፥ ከውስጥ ያለው ግን ወርቁ መሆኑን ነው። መሬትም እንዲሁ ነው። ሣሩና ቀዩ አፈር ሰም ነው፤ ከሥሩ ያለው የድንጋይ ንብርብርና የውሃው መንገድ ወርቅ ነው። በሰሙ ብቻ ደስ ብሎት የተመለሰ ሰው ቤቱን በማያውቀው ነገር ላይ ያቆማል።

ሶዶ የተቈረቈረችው በዳሞታ ተራራ ደቡባዊ ተዳፋት ነው። ተራራው ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ የሚል ሲሆን፥ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ እንደ ነበረ የመሬት ሊቃውንት ይመሰክራሉ። በጎኑ ባለው ሞቼና ቦራጎ በሚባለው ዋሻ ውስጥ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ ከእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር ጋር ተገኝቷል፤ ቈፋሪዎቹ ዘመኑን ወደ 50,000 ዓመት ያደርሱታል፤ የቍጥሩን ክርክር ለባለቤቶቹ ልተወው። ከከተማዪቱ አልፎ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው ምድሪቱ ወደ አባያ ሐይቅ እየወረደች ስትሄድ ያያል፤ ይህ ታላቁ ስምጥ ሸለቆ ነው። የወላይታ ሰው አፈርንም ምድርንም አገርንም በአንድ ቃል «ቢታ» ይለዋል። ሦስቱን በአንድ ስም መጥራቱ ቃል አጥቶ አይመስለኝም፤ አፈሩ ከሄደ አገሩም እንደሚሄድ ስለሚያውቅ ነው እንጂ።

በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ የክልሉ አስተዳደር መቀመጫ ሆነች። ይህ ለከተማዪቱ ክብር ነው፤ ነገር ግን የመንግሥት መቀመጫ መሆን ቢሮንና ሆቴልን፥ መጋዘንንና መኖሪያን ይጠራል። ሜዳው ሲያልቅም ሰው ዓይኑን ወደ ተዳፋቱ ያነሣል። ስለዚህ የምጽፈው ነገር የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ የዛሬ ጉዳያችን ነው።

ተዳፋት እንዴት እንደሚናድ ከባለሙያዎች የተማርሁትን በአጭሩ ላስረዳ። ከእሳተ ገሞራ የወጣ ድንጋይ በብዙ ዘመን ዝናምና ፀሓይ ሲበሰብስ ሸክላ አፈር ይሆናል። ሸክላ በደረቀ ጊዜ እንደ ጡብ ይጠነክራል፤ ውሃ በጠጣ ጊዜ ግን ክብደቱ ይጨምራል፥ በቅንጣቶቹ መካከል የገባውም ውሃ ተያይዘው የነበሩትን ያላቅቃቸዋል፤ ከሥር ካለው ካልበሰበሰ ድንጋይ ጋር በሚገናኝበት ስፍራም እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ይህ የተፈጥሮ ጠባይ ነው። ሰው ደግሞ ከዚህ ላይ ሦስት ነገር ይጨምርበታል። ለመንገድ ወይም ለቤት መሠረት ብሎ የተዳፋቱን እግር ይቈርጣል፤ በራሱ ላይ ሕንጻ ይጭናል፤ ዛፉን መንጥሮ የጣራውንና የመጸዳጃውን ፍሳሽ ወደ ሆዱ ይለቅበታል። እንግዲህ እግሩ የተቈረጠ፥ ራሱ የተጫነ፥ ሆዱም ውሃ የሞላ ሰው ቆሞ ለመቅረት እንደማይችል ሁሉ ተዳፋትም አይችልም።

መሬት ግን ብዙውን ጊዜ ሳያስጠነቅቅ አይናድም። በተዳፋቱ ራስ ላይ እንደ ጨረቃ የጎበጠ ስንጥቅ ይታያል፤ ዛፍና የአጥር እንጨት ይዘማል፤ ይገጥም የነበረው በር አልገጥም ይላል፤ ጠርቶ ይፈስ የነበረው ምንጭ ይደፈርሳል፥ ወይም ካልነበረበት ስፍራ አዲስ ውሃ ይፈልቃል። ይህን ምልክት እንሰቱን በየዕለቱ የሚጐበኝ ገበሬ ከማንም በፊት ያየዋል፤ ነገር ግን የሚጠይቀው የለም።

የዚህ ቸልታ ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ በዓይናችን አይተናል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. በወላይታ በጎርፍና በመሬት ናዳ ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን በጎፋ ዞን፥ በገዜ ጎፋ ወረዳ፥ ከብርቱ ዝናም በኋላ ተራራው ተንዶ ከ200 የሚበልጡ ነፍሳት አለቁ። ከሞቱትም ብዙዎቹ አስቀድሞ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠው የመጡና በሁለተኛው ናዳ የተያዙ ነበሩ። ስለዚሁ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶም በዚሁ በወላይታ፥ በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ፥ ሌላ ናዳ ወርዶ ከ10 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ። በአዲስ አበባ ደግሞ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ በሚባለው ስፍራ የከተማው ጥራጊ ክምር ተንዶ በሥሩ ይኖሩ ከነበሩት ድኾች ከ100 የሚበልጡትን ቀብሯል፤ ያንን ተራራ እግዚአብሔር አልፈጠረውም፥ እኛ በእጃችን ከመርነው እንጂ።

ከጎፋው ሐዘን በኋላ «ኀጢአት ቢበዛ ነው» የሚል ቃል በየአደባባዩ ሰማሁ፤ ከመምህራንም አፍ ሳይቀር ሰማሁት። ይህ ቃል ለተናጋሪው ቀላል ነው፥ ልጁን ከጭቃ ውስጥ በእጁ ቈፍሮ ላወጣ አባት ግን ሁለተኛ ናዳ ነው። የቅዱስ ሉቃስን ወንጌል 13ኛ ምዕራፍ የተማረ ሰው ይህን ለመናገር እንዴት ይደፍራል? በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ጌታችን ራሱ ተናግሯል፤ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ አስረድቶ፥ የሰሙትን ሁሉ ወደ ንስሓ ጠራ። እንግዲህ ንስሓው የሁላችን ነው፤ ክሱ ግን በሙታኑ ላይ አይደለም። ንስሓ ደግሞ ከሚታይ ሥራ ጋር ነውና፥ የሰሊሆምን ነገር ሰምቶ በማግስቱ ያለ ምርመራ ሌላ ግንብ የሚያቆም ሰው ተጸጸተ አይባልም።

የኦሪት መጽሐፍም ከዚህ የራቀ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም 22ኛ ምዕራፍ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። ሕጉ «እግዚአብሔር ይጠብቀዋል» ብሎ መከታውን አልተወም። የወደቀውንም ሰው «ምን ኀጢአት ሠርቶ ነው» ብሎ አልጠየቀም፤ የጠየቀው ባለቤቱን ነው። እኔ እንደሚመስለኝ በዘመናችን የመሬት ምርመራ የሚባለው ነገር ያው መከታ ነው፤ ስሙ ተለወጠ እንጂ ትእዛዙ የጥንቱ ነው።

ይህ ሥራ በመንግሥት ሕግም የታወቀ ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቍጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ሥራ ሁሉ ያለ ፈቃድ እንዳይጀመር፥ ጥናቱም በባለሙያ ተዘጋጅቶ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲቀርብ፥ የአካባቢውም ሕዝብ አሳቡን እንዲሰጥበት ደንግጓል። ጥናቱን የሚያዘጋጁት አማካሪዎች ናቸው። መሬቱን በእግራቸው ይዞራሉ፤ ሽማግሌ ይጠይቃሉ፤ የሙከራ ጕድጓድ ያስቈፍራሉ፥ በጥልቅ ያስበሳሉ፤ አፈሩን ወደ ቤተ ሙከራ ልከው ምን ያህል እንደሚሸከም፥ ውሃ ሲጠጣም ምን እንደሚሆን ያስለካሉ፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ የት እንዳለ ይመረምራሉ። ከዚያም በኋላ ሥራው ይሁን፥ ወይም በዚህ ስፍራ አይሁን፥ ወይም ውሃው እንዲህ ተጠርጎ፥ ግንቡ እንዲህ ተደግፎ ይሁን ብለው ይጽፋሉ።

ነገር ግን በዚህ ሥርዐት ውስጥ ልናስብበት የሚገባ አንድ ከባድ ነገር አለ። በአዋጁ መሠረት የጥናቱን ወጪ የሚከፍለው የሥራው ባለቤት ነው፤ ይኸውም መርማሪውን የሚቀጥረው መሬቱን የፈለገው ሰው ነው ማለት ነው። አበሉን ከአንዱ ወገን የሚቀበል ምስክር በፍርድ ሸንጎ ቢቆም ዳኛው እንዴት ባለ ዓይን እንዲያየው እናውቃለን። ስለዚህ የመርማሪው ሥራ ከአማካሪነት ይልቅ ወደ ምስክርነት ያደላል፤ የሚመሰክረውም አፍ ስለሌለው መሬት፥ ገናም ስላልተወለዱት የቤቱ ኗሪዎች ነው። ሕጉን መንግሥት ሊያወጣው ይችላል፤ የምስክርነቱን እውነት ግን የሚያወጣው የሰውዬው ሕሊና ነው።

ይህን በቅርብ ያየሁበት አንድ ነገር አለ። ስሙን የማልጠራው አንድ ደብር ከመንገድ የሚታይ ረዥም ሕንጻ በተዳፋት ላይ ለመሥራት አስቦ ኮሚቴ አቆመ፤ እኔም ከሽማግሌዎቹ እንደ አንዱ ተጠርቼ ተቀመጥሁ። መሬቱን እንዲመረምር አንድ ወጣት የጂኦሎጂ ባለሙያ ይቀጠር በተባለ ጊዜ በዋጋው ላይ ብዙ ክርክር ተነሣ። አንድ ሰው «አፈር ለማየት ይህን ያህል ብር? አፈርማ እኛም እናያለን!» አለ፤ ሁላችንም ሳቅን። ይሁን እንጂ ወጣቱ ተቀጠረ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ተዳፋቱን ሲወጣና ሲወርድ ከረመ። ከታች ያሉ አንድ የወላይታ ሽማግሌም በጓሯቸው ያለው ምንጭ ካለፈው ክረምት ወዲህ ወደ ግራ እንደ ዞረባቸውና እንሰታቸው ወደ ቍልቍለቱ እንዳዘመመ ነገሩት። እርሱም ከላይ ወጥቶ ሣር ውስጥ የተሸሸገውን ስንጥቅ አገኘ።

ጽሑፉ በቀረበ ጊዜ አንደኛው መስመር የሕንጻው ስፍራ እንዲለወጥ ይመክር ነበር። ከኮሚቴው አንዳንዶቹ ያ መስመር እንዲለዝብ፥ «ጥንቃቄ ቢደረግ መልካም ነው» በሚል ቃል እንዲተካ ፈለጉ። ክፍያውም ገና አልተፈጸመለትም ነበር። ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ፥ «የኔታ፥ መስመሩን ብሰርዘው ስንጥቁ አብሮ አይሰረዝም» አለ። እኔም፥ «ልጄ፥ እንደ ጻፍኸው ይቆይ» አልሁት።

ከዚያ ወዲያ ሦስት እሑድ ተከራከርን። የተቃዋሚዎቹ ዋና ቃል «የእግዚአብሔር ቤት ነውና እግዚአብሔር ይጠብቀዋል» የሚል ነበር። ይህ ቃል ሲሰሙት የእምነት ቃል ይመስላል። እኔ ግን ጌታችን በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ የተፈተነውን ፈተና አስታወስኋቸው። ፈታኙ ያቀረበው አሳብ መላእክት ይደግፉሃልና ራስህን ወርውር የሚል ነበር፤ ጌታችን ግን ይህን እምነት አላለውም፥ እግዚአብሔርን መፈታተን አለው እንጂ። ከገደል አፋፍ ሕንጻ አቁሞ መላእክትን ደግፉልኝ ማለትም ከዚህ አይለይም። በመጨረሻም ሕንጻው ወደ ታች፥ አለታማ ወደ ሆነው ዝቅተኛ ስፍራ ወረደ፤ ቁመቱም አጠረ። በላይኛው ስፍራ ወይራና ጽድ ተተከለበት። ዛሬም ቢሆን «ሕንጻችን ከመንገድ ሳይታይ ቀረ» ብለው የሚያዝኑ አሉ። ሐዘናቸው እውነት ነው፤ አልነቅፋቸውም። ነገር ግን ክረምት ሲገባ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በውስጡ ሲዘምሩ ስሰማ ዓይኔን ወደ ተራራው አላነሣም።

መሬትን ሳያውቁ መጀመርና እያወቁ ዝም ማለት ግን ለየብቻ መታየት አለባቸው። ለመጀመሪያው ምሳሌ ከቅርባችን አለ። የጊቤ ሁለት የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ 26 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ዋሻ ውሃ እንዲያልፍበት ሆኖ ተሠራ። ገና በቁፋሮው ጊዜ መሣሪያው ደካማ ድንጋይና ጭቃ ገጥሞት ተይዞ ነበር፤ በጥር 2002 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላም ዐሥር ቀን ያህል ቆይቶ ዋሻው በከፊል ተናደ፥ ሥራውም ለወራት ቆመ። ተራራ ውስጡን በሙሉ ለማንም አይገልጥም፤ እንኳን ሳይመረመር ተመርምሮም ያስደነግጣል።

ሁለተኛው ግን የከፋ ነው። በኢጣልያ አገር ቫዮንት በሚባል ሸለቆ እጅግ ረዥም ግድብ ተሠራ። የሐይቁን ዳር የያዘው ተራራ ጥንት የተንሸራተተ መሆኑን አንድ ጂኦሎጂስት አስቀድሞ አውቆ ነበር፤ በተራራውም ጎን ረዥም ስንጥቅ ታየ። ቲና ሜርሊን የምትባል ጋዜጠኛ ይህን ብትጽፍ ሕዝብ የሚያውክ የሐሰት ወሬ አወራሽ ተብላ ተከሰሰች፤ ፍርድ ቤት በነጻ ለቀቃት። ውሃውን መሙላት ግን አልቀረም። በመስከረም መጨረሻ 1956 ዓ.ም. ተራራው ወደ ሐይቁ ወረደ፤ ማዕበሉም ግድቡን ዘሎ ከታች የነበሩትን ከተማና መንደሮች ጠራረገ፤ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። የሚያስደንቀው ነገር ግድቡ ራሱ ዛሬም ቆሞ መገኘቱ ነው። መሐንዲሶቹ ግንቡን በሚገባ ሠርተውታል፤ የጐደለው የእውነት ቃል ነው።

አንባቢ ምናልባት «ይህ የትላልቅ ሥራዎች ነገር ነው፤ እኔ የምሠራው ትንሽ ቤት ነው» ይል ይሆናል። እውነት ነው፥ የግምገማው ሕግ የሚያተኩረው በትላልቅ ሥራዎች ላይ ነው፤ የአንድ ሰው ትንሽ ቤት ከዚያ ውጭ ነው። ዳሩ ግን ተዳፋቱ ትንሽና ትልቅ ብሎ አይለይም፤ የሚቈጥረው ክብደቱንና ውሃውን ነው። አንድ ቤት ተራራ አያናጋም፤ መቶ ቤት፥ እያንዳንዱ ጥቂት ቈርጦ፥ እያንዳንዱ ፍሳሹን ወደ ጎረቤቱ ለቅቆ ሲሠራ ግን የማንም ያልሆነ የሁሉም ጥፋት ይሆናል። ስለዚህ ባለ ትንሽ ቤትም ቢሆን ባለሙያ ለመቅጠር ባይችል እንኳ የታችኛውን ገበሬ ለመጠየቅ፥ ቦይ ለመቅደድ፥ ስንጥቅ ለመፈለግ የሚከለክለው የለም።

የተጐዳ ተዳፋት እንደሚድንም ከእኛው አገር ምስክር አለ። ከሶዶ በስተ ደቡብ በሁምቦ ወረዳ ተራራው ተመንጥሮ፥ ጎርፉና ደለሉ በታች ያሉትን ያስጨንቅ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ገደማ የአካባቢው ገበሬዎች በወርልድ ቪዥን ረዳትነት 2,728 ሄክታር መሬት ከልለው፥ ከተቈረጠው ዛፍ ጕቶ የሚያቈጠቍጠውን እየገረዙ መጠበቅ ጀመሩ። ሥራው በ2002 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ የካርቦን መዝገብ ተመዘገበ፤ ገበሬዎቹም በማኅበር ሆነው ከዚሁ ገንዘብ አገኙ። የተቈረጠ ዛፍ ከውሃ ሽታ የተነሣ እንደሚያቈጠቍጥ ጻድቁ ኢዮብ የተናገረውን የሁምቦ ሰዎች በሥራ አሳዩን።

እንግዲህ ከሁላችን የሚፈለገው ነገር ከባድ አይደለም። መርማሪ የሆነ ሰው የቀጣሪውን ፊት ሳይሆን በዚያ ቤት የሚያድሩትን ሕፃናት እያሰበ ይጻፍ። ቀጣሪ የሆነ ሰው፥ ደብርም ይሁን ነጋዴ፥ ደስ የማያሰኝ መስመር ሲመጣለት ገንዘቡ ከንቱ አለመቅረቱን ይወቅ፤ የከፈለው ለዚያ መስመር ነውና። ፈቃድ ሰጪ የሆነ ሰው ወረቀቱን ከማኅተሙ በፊት ያንብበው፥ የሚጠራጠርበትንም በእግሩ ሄዶ ይየው። እኛ ካህናት ደግሞ መሬት በተናደ ማግስት ሙታንን ከመክሰስ እንከልከል፤ ከመናዱ በፊት ግን በየዐውደ ምሕረቱ «መሬታችሁን ጠይቁ» ብለን እናስተምር። በጎፋ ወንድሞቻቸውን ሊያወጡ ሮጠው የሞቱት ሰዎች ፍቅር እስከ ሞት ምን እንደ ሆነ አሳይተውናል። ከእኛ የሚፈለገው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲያ እንዳይሮጥ አስቀድሞ መመርመር ብቻ ነው።

የሞቱትን ነፍሳቸውን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን፤ ለቀረነውም ምድራችንን የምንሰማበት ጆሮ፥ የሰማነውን የምንናገርበት ድፍረት ይስጠን። አሜን።